ውሃው ዳር ወይስ ከፍታው ላይ? ከልጆች ጋር በአርቪ ለሚያድሩ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «እኔና ባለቤቴ የ9 እና የ5 ዓመት ልጆቻችንንና እናቴን ይዘን ለመጀመሪያ ጊዜ በአርቪ፣ ውስጡ በሚታደርበት መኪና፣ ልንጓዝ ነው። አርብ ከሥራ ስንወጣ ተነስተን እሁድ እንመለሳለን። የምናድረው ወንዝ ዳር ነው። ሁለት ቦታ አማርጠውናል። አንዱ ከውሃው አሥር እርምጃ ቢርቅ ነው፤ ሌላው ወደ ኋላ ከፍ ብሎ ዛፎቹ ጋ ነው። ልጆቹ ‹ውሃው ዳር ካልሆነ› ብለው ሙጭጭ ብለዋል። የትኛውን እንያዝ? ስለ መኪናውስ ሳንነሳ ምን እንወቅ?»

ከፍ ያለውን ይያዙ።

ልጆቹ ቅር እንደሚላቸው ይገባኛል። ግን ውሃውን ቀን ቀን እስኪጠግቡ ያገኙታል፤ እኔ የማስበው ስለ ሌሊቱ ነው። አርቪ አልጋም፣ ማድቤትም፣ ሽንት ቤትም አለውና ውስጡ ሲተኙ ቤት ይመስላል። መሠረት ግን የለውም። ለዓመታት ሥራዬ እነዚህን መኪኖች መፈተሽና ለአዲስ ተከራዮች ማሳየት ነው፤ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ፍሪጁ እንዴት እንደሚበራ ነው። እርስዎ ቦታውን በማስቀደምዎ ደስ ብሎኛል። ስለዚህ እኔም ከወንዙ ልጀምር፤ መኪናው ይደርሳል።

ወንዝ የሚሞላው እናንተ ያላችሁበት ቦታ ስለዘነበ ብቻ አይደለም። እናንተ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከብ እየቆጠራችሁ፣ ከላይ ተራራው ላይ ዶፍ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ያ ውሃ ሸለቆውን ይዞ ይመጣል። ደራሽ ውሃ የምንለው ይኸው ነው። ከዝናቡ በኋላ በ6 ሰዓታት ውስጥ፣ አንዳንዴም በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳል። ሸለቆው ጠባብ፣ መሬቱ ድንጋያማ ወይም ደኑ የተቃጠለ ከሆነ ይበልጥ ይፈጥናል፤ ውሃውን መጥጦ የሚያቆይ ነገር የለማ።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 7 ቀን 1996 ስፔን ውስጥ፣ ፒሬኒስ ተራሮች ሥር ባለችው ቢየስካስ፣ አንድ ካምፕ ላይ የወረደ ደራሽ ውሃ 87 ሰው ገደለ። ካምፑ የነበረው ከተራራው የሚወርደው ጅረት ደለሉን የሚዘረጋበት ቦታ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ለጥ ያለ ስለሆነ ለድንኳንም ለካራቫንም ይመቻል። ለጥ ያደረገው ግን ራሱ ጎርፉ ነው፤ በየዘመኑ እየመጣ ድንጋይና አሸዋ ሲያነጥፍ። አሜሪካ፣ አርካንሶ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. ጁን 11 ቀን 2010 ሊትል ሚዙሪ የተባለው ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ካምፕ ውስጥ ካደሩት ሰዎች 20ው ሞቱ። ማታ መለኪያው ላይ 1 ሜትር ገደማ የነበረው ውሃ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ 7 ሜትር አልፏል። ያኔ አብዛኛው ሰው እንቅልፍ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወንዝ ዳር ሳድር መጀመሪያ የማየው አልጋዬን ሳይሆን ዳገቱን ነው።

«መኪናው ትልቅ ነው፣ ይከብዳል፣ ምን ይሆናል?» የሚሉኝ አሉ። የሚፈስ ውሃ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ አዋቂ ሰውን ሊጥል ይችላል። 30 ሴንቲ ሜትር ትንንሽ መኪና ያንሳፍፋል። 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አብዛኛውን መኪና ይዞ ይሄዳል። የአርቪ ጎን ደግሞ ሰፊ ግድግዳ ነው፤ ውሃ የሚገፋው ነገር ሞልቶለታል።

ስለዚህ ስትደርሱ ዕቃ ከማውረዳችሁ በፊት ሞተሩን አጥፍታችሁ ውረዱ። ቁጥቋጦዎቹን እዩ። ቅርንጫፍ ላይ የተጠመጠመ ደረቅ ሣር፣ እንጨት፣ የፕላስቲክ ቁራጭ ካለ፣ ውሃው ካሁን በፊት እዚያ ደርሷል ማለት ነው። አንድ ጊዜ አንድ አባት ለማሳደሪያ የመረጠውን ቦታ አብሬው አየሁ። መሬቱ ለስላሳ አሸዋ፣ ጥላው የሚያረካ፣ ወንዙ በጣም ዝቅ ብሎ በቀስታ የሚፈስ ነበር። አጠገባችን ካለው ዛፍ ላይ አንድ ጭብጥ ደረቅ ሣር አወረድኩና እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ያወረድኩት ከደረቴ ትይዩ ነው። ሣሩ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ተበጥሯል፤ ወንዙ ወደሚሄድበት። ሰውዬው ሣሩን አየ፣ መኪናውን አየ፣ ከዚያ ምንም ሳይናገር ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። እግሩ ሥር ያለው ያ ለስላሳ አሸዋም ቢሆን ወንዙ አምጥቶ የተወው ነው።

ከቦታው ቀጥሎ መውጫውን እዩት። ብዙ ካምፕ የሚያስገባው መንገድ አንድ ብቻ ነው። ያ መንገድ መሃል ላይ ዝቅ ብሎ ጅረት የሚያቋርጥ ከሆነ፣ እናንተ ከፍታ ላይ ብትሆኑም መንገዱ ቀድሞ ይዘጋል። እንዲህ ከሆነ ዝናብ የሚል ትንበያ ባለበት ቀን እኔ አልገባም። መኪናውን ስታቆሙ ፊቱን ወደ መውጫው አዙሩት። በጨለማ፣ በጭቃ፣ ልጅ እያለቀሰ፣ 7 ሜትር መኪና ወደ ኋላ ማውጣት ለለመደ ሹፌርም ፈተና ነው።

የአየር ትንበያ ስታዩ የካምፑን ብቻ አትዩ፤ ወንዙ የሚመጣበትን ተራራ ትንበያም እዩ። ከላይ ግድብ ካለ የካምፑን ጠባቂ ውሃ መቼ እንደሚለቀቅ ጠይቁ፤ ግድብ ዝናብ ሳይኖርም ወንዝ ሊያስነሳ ይችላል። ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ ስለሚጠፋ ይህን ሁሉ ቤት ሳላችሁ ጨርሱት።

ውሃው ሊመጣ ሲል ምልክት አለው። ጥርት ያለው ውሃ ይደፈርሳል። ቅጠልና ጭራሮ ተሸክሞ መምጣት ይጀምራል። ድምፁ ይወፍራል፤ አንዳንዴ ከሥር ድንጋይ ሲጋጭ ይሰማል። ይህን ካያችሁ ወይም ከሰማችሁ የፀሐይ መከላከያውን ሸራ ለመጠቅለል፣ ወንበር ለመሰብሰብ አትቁሙ። ልጆቹንና እናትዎን ይዛችሁ በእግር ወደ ዳገቱ ውጡ። መንገዱ ደረቅና ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ በመኪና መውጣት ይቻላል፤ ውሃ የተኛበት መንገድ ላይ ግን በፍጹም አትግቡ። መኪናው ይቅር።

ከፍታውም የራሱ ነገር አለው፣ ዛፎቹ ጋ ነው ብለዋልና። ቀና ብላችሁ እዩ። ቅጠል የሌለው ደረቅ ቅርንጫፍ ወይም የተሰነጠቀ ግንድ ሥር አታቁሙ። ንፋስ ባይኖርም ይወድቃል፤ የአርቪ ጣሪያ ደግሞ ስስ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስቸግርዎት፦ አርብ ማታ መነሳቱን ብትተዉትስ? ድካም ላይ ሆኖ አዲስ መኪና መንዳት አንድ ነገር ነው። የባሰው ግን ጨለማ ውስጥ መድረስ ነው። ያ ቅርንጫፍ ላይ ያለ ሣር ማታ አይታይም፤ ደረቁ ዛፍም አይታይም። ቅዳሜ ማለዳ ብትነሱ አንድ ሌሊት ታጣላችሁ። የቀረውን ሌሊት ግን እንቅልፍ ትተኙበታላችሁ።

አሁን ወደ መኪናው። መንዳቱ ላይ ሦስት ነገር ልበልና ልለፍ። ቁመቱን ጠይቃችሁ በሜትር በወረቀት ጽፋችሁ የፊት መስታወቱ ላይ፣ ሹፌሩ የሚያየው ቦታ ለጥፉ። ብዙዎቹ 3 ሜትር ያልፋሉ፤ ዝቅ ያለ ድልድይ ወይም የነዳጅ ማደያ ጣሪያ ሥር ሲደርሱ ማሰቢያ ጊዜ የለም። ስትታጠፉ ጅራቱን አትርሱ፤ ከኋላ ጎማ በኋላ ያለው አካሉ መሪው ከዞረበት ተቃራኒ ስለሚወጣ በስፖኪዮ ተከታተሉት። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬኑን ረግጣችሁ አትውረዱ። ማርሽ ቀንሳችሁ ሞተሩ ይያዘው፤ የጋለ ፍሬን አይይዝም።

ጎማውን ግን እባካችሁ በርከክ ብላችሁ እዩት። አርቪ ብዙውን ጊዜ ቆሞ ስለሚውል ጥርሱ ሳያልቅ ጎማው ያረጃል። ጎኑ ላይ DOT (ዶት) ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ያለውን ጽሑፍ ፈልጉ። የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። 2319 ካለ በ2019 23ኛው ሳምንት ላይ የተሠራ ነው፤ አቆጣጠሩ የፈረንጅ ነው። ስድስት ዓመት ካለፈውና ጎኑ ላይ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ካያችሁ፣ ልጅ አሳፍራችሁ አትውጡበት። ሌላ መኪና ጠይቁ። ለመጠየቅ አትፈሩ፤ እኔ ጎማ በርከክ ብሎ የሚያይ ተከራይ ሲመጣ ደስ ይለኛል።

ጋዙ ላይ ቀስ ልበል፤ ሰው በብዛት የሚያልፈው እዚህ ጋ ነው። ምድጃው፣ ማሞቂያውና ብዙ ጊዜም ፍሪጁ የሚሠሩት በፕሮፔን ነው። ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈተልክ ወለል ላይ ይተኛል። ለዚህ ነው የጋዝ ጠቋሚው ወለሉ አጠገብ የሚገጠመው። እዚያ ያለውን ትንሽ ሳጥን በቦርሳ ወይም በጫማ አትከልሉት። ስትነዱ የሲሊንደሩን ቫልቭ ዝጉ።

ሌላው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ እሳትና ሞተር የሚያወጡት መርዛማ ጋዝ። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ደማችን ከኦክስጅን ይልቅ እሱን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ትንሹም ሲጠራቀም ሰውነት አየር ያጣል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ሲመጣ ሰው ጉንፋን ወይም የበላው ነገር ይመስለዋል። መኪና ውስጥ የተኙት ሁሉ ባንዴ ራሳቸውን ካመማቸው ጉንፋን አይደለም። ወዲያው ሁላችሁም ውጡ። አንድ ቤተሰብ ሌሊቱ ሲበርድ የምግብ ምድጃውን ለኩሶ፣ መስኮቱን ሁሉ ዘግቶ ተኛ። ሌሊት ላይ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚው ጮኸ። እናትየው «ባትሪው አልቆ ነው» ብላ ልትነቅለው እጇን ስትዘረጋ ትንሹ ልጅ አስመለሰው፤ ነገሩ ያኔ ገባት። ሁሉም በሰላም ወጡ። ይህን ስትነግረኝ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ምድጃ ለማብሰል ብቻ ነው። ስታበስሉም የጣሪያው መተንፈሻ ክፍት ይሁን። ለሙቀት ማሞቂያው አለ፤ በደንብ የሚሠራ ከሆነ ለማቃጠያ አየሩን ከውጭ ያስገባል፣ ጭሱንም ወደ ውጭ ያስወጣል። ጄኔሬተር ከመተኛታችሁ በፊት ይጥፋ። ተንቀሳቃሽ ከሆነ ቢያንስ 6 ሜትር ራቅ ብሎ ይቁም፤ ጭሱም ወደ እናንተም ወደ ጎረቤትም መስኮት አይዙር። መኪናውን ስትረከቡ የጠቋሚውን መሞከሪያ ቁልፍ አከራዩ ፊት ተጫኑት። ካልጮኸ መኪናውን አትረከቡ። እኔ እዚህ ላይ ድርድር አላውቅም።

ፍሪጁ አልቀዘቅዝ ካለ ወዲያው ተበላሽቷል አትበሉ። በጋዝ የሚሠራው ዓይነት መጭመቂያም ፓምፕም የለውም። እ.ኤ.አ. በ1922 ፎን ፕላተንና ሙንተርስ የተባሉ ሁለት የስዊድን ተማሪዎች የሠሩት ዘዴ ነው። ትንሽ እሳት አሞኒያ ያለበትን ፈሳሽ ያፈላል፤ ተኑ ቀዝቅዞ ፈሳሽ ይሆንና በራሱ ክብደት ቁልቁል ይወርዳል። ከእሳት ቅዝቃዜ ማውጣታቸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ታዲያ መኪናው ካዘነበለ ፈሳሹ መውረዱን ትቶ ይጠራቀማል፣ ፍሪጁም ይሞቃል፤ ብዙ ከቆየም ይበላሻል። ስለዚህ ወለሉ ላይ ውሃ ልክ አስቀምጡ። አረፋው መሃል እስኪመጣ ዝቅ ባለው በኩል ጎማው ሥር ማስተካከያ ሰሌዳ አንጥፉ፤ ከዚያ የእጅ ፍሬን ያዙና ጎማዎቹን በታኮ ደግፉ። የቅርብ ጊዜ መኪኖች ብዙዎቹ በባትሪ የሚሠራ ፍሪጅ አላቸውና የእናንተ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። ወለሉ ከተስተካከለ ለእናትዎም እንቅልፍ ይሻላል።

ባትሪውና ታንከሩ ብዙ አያስጨንቁም። የተለመደው የሊድ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ያጥራል፤ 100 አምፔር ሰዓት የተጻፈበትን 50 አድርጋችሁ ቁጠሩት። ንጹሕ ውሃ 1 ሊትር 1 ኪሎ ነው፤ 150 ሊትር ከሞላችሁ ሁለት አዋቂ ሰው ጨምራችሁ እንደጫናችሁ ነው። የሚቻል ከሆነ እዚያው ደርሳችሁ ሙሉ። የሽንት ቤቱን ታንከር ስትደፉ አስቀድሙት፤ ቀጥሎ የዕቃና የገላ መታጠቢያው ይለቀቅ፣ ቱቦውን ያጥበዋልና። መድፊያው የተዘጋጀለት ቦታ ብቻ ነው። ወንዙ ውስጥ ሳሙና አይግባ፤ «ለተፈጥሮ ተስማሚ» የሚለውም ቢሆን። ዕቃም ገላም ከውሃው ቢያንስ 60 ሜትር ርቃችሁ እጠቡ። ያ ውሃ ውስጥ ልጆቻችሁ ሊንቦራጨቁ ነው፤ ዓሣዎቹም ይኖሩበታል።

ልጆቹ። የመስመጥ ነገር ሰው እንደሚያስበው አይደለም። የሚሰምጥ ልጅ አይጮህም፣ እጁንም አያውለበልብም። አፉ ውሃው ላይና ውሃው ሥር እየዋለለ ለመተንፈስ እንጂ ለመጣራት ጊዜ የለውም፤ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሊጠፋ ይችላል። አራት አዋቂ ዳር ላይ ተቀምጦ እያወራ ይህ ሲሆን ይታያል፤ ሁሉም ሌላው የሚያይ ይመስለዋል። ስለዚህ ጠባቂው አንድ፣ ስሙም የታወቀ ይሁን። አንድ ኮፍያ መድቡ። ኮፍያውን ያደረገ ሰው ስልክ አይነካም፣ አያነብም። ሲደክመው ኮፍያውን በእጁ ለሌላው ያስረክባል። የ5 ዓመቱ ልጅ ውሃው አጠገብ ባለ ጊዜ ሁሉ ጠባቂው እጁን ቢዘረጋ የሚነካው ቦታ ይቁም።

ላይፍ ጃኬት፣ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ሰደርያ፣ ሁለቱም ይልበሱ፤ መዋኘት የሚችለውም። ልክ መሆኑን እንዲህ እዩ፦ አስራችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ጃኬቱ እስከ ጆሮው ከወጣ ሰፍቶታል። እጁ ላይ የሚነፋው ፕላስቲክ መጫወቻ ነው፤ ጃኬት አይተካም።

ወንዝ ከመዋኛ ገንዳ የሚለየው በጉልበቱ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ነው ትናንት ጉልበት ድረስ የገቡበት ቦታ ዛሬ የሚጥለው። ወንዙ ሲታጠፍ የውጭው ጎን ጥልቅ ነው፤ ዳርቻውም ከሥሩ ስለሚቦረቦር ሲቆሙበት ይናዳል። የውስጠኛው ጎን ላይ አሸዋ ይተኛል፣ ውሃውም ይሳሳል። ልጆቹ የሚጫወቱት በውስጠኛው ጎን ነው። ወደ ውሃው የወደቀ ዛፍ ካለ ከእሱ በላይ፣ ውሃው በሚመጣበት በኩል፣ አትግቡ፤ ውሃው በቅርንጫፉ መሃል ያልፋል፣ ሰው ግን አያልፍም።

ለ9 ዓመቱ ልጅ ይህን አስተምሩት፣ ደረቅ ሣር ላይ አስተኝታችሁ አለማምዱት፦ ውሃ ከወሰደህ ለመቆም አትሞክር። በጀርባህ ተኛ፣ እግሮችህን ወደ ፊት፣ ውሃው ወደሚሄድበት ዘርጋ፣ የእግር ጣቶችህ ከውሃው በላይ ይታዩ፣ እጅህን እየቀዘፍክ ወደ ዳር ውጣ። የሚቆም ሰው እግሩ ድንጋይ መሃል ይሰነቀራል፤ ውሃው ደግሞ ከኋላ ገፍቶ በፊቱ ይደፋዋል። ጉልበት የሚያህል ውሃ ለዚህ በቂ ነው። ሌላ ሰው ከተወሰደባችሁም ተከትላችሁ አትዝለሉ፤ ገመድ ወርውሩ፣ ረጅም እንጨት ዘርጉ። 15 ሜትር ገመድ በሩ አጠገብ ይንጠልጠል።

እናትዎ ሌሊት የሚነሱ ከሆነ የታችኛውን አልጋ ይስጧቸው። የመኪናው ደረጃ ጠባብ ነው፤ ንጋት ላይ ጤዛ ሲይዘው ያንሸራትታል። ከራስጌያቸው የእጅ ባትሪ፣ ከበሩ ሥር ደግሞ የማያንሸራትት ጫማ አይጥፋ። የሰው ትንፋሽ ሌሊቱን መስኮቱን ያረጥበዋልና የጣሪያውን መተንፈሻ ጣት የምታህል ክፍት ተዉት። ወንዝ ዳር ቀዝቃዛ አየር ወደ ዝቅተኛው ቦታ ስለሚወርድ፣ ከፍ ያለው ቦታችሁ በዚህም ይሞቃል።

ውሃው ዳር ካልሆነ ላሉት ልጆች ደግሞ ሥራ ስጧቸው። ቅዳሜ ስትደርሱ ትልቁ ልጅ ክንዱን የሚያህል እንጨት ይፈልግ። አዋቂ አጠገቡ ሆኖ፣ ውሃው ልክ የሚነካው ቦታ ላይ ይትከለው፤ ታናሹ ቀይ ክር ይሰርበት። ከእራት በፊት አንድ ጊዜ፣ ከመተኛታችሁ በፊት አንድ ጊዜ አብራችሁ ወርዳችሁ እዩት። ውሃው እንጨቱን አልፎ ወደ ዳር ከመጣ ለእናንተ የሚነግሩት እነሱ ናቸው። ሌሊት እርስዎ ወይም ባለቤትዎ ከነቃችሁ በእጅ ባትሪ ከዳገቱ ላይ ሆናችሁ ቀዩን ክር ፈልጉት።